ማክሰኞ የተበጠበጠው ብርዝ

ብርዝ ባደረ ማግስት ሲጠጣ ነው ደጉ። ማሩን ለብ ባለ ውሃ በጥብጦ፣ ሰፈፉን አጥልሎ፣ ገንቦ ውስጥ አንድ ሌሊት ማሳደር፤ በቃ። ወይዘሮ አምሳለ ይህን ከእናታቸው ጓዳ ጀምሮ ያውቁታል። ግን እሳቸው በሚኖሩበት በለቡ ሰፈር ውሃ የምትመጣው በፈረቃ ነው። እንግዶቹ እሁድ ይመጣሉ፤ «ቅዳሜ ውሃ ብትጠፋስ?» ብለው ተጨነቁና ማክሰኞ በጠበጡት። ያውም ከጎረቤት በተዋሱት የጠጅ ገንቦ! በግራዋ ደጋግመው አሽተው ቢያጥቡትም የጠጅ ገንቦ ልማዱን አይረሳም።

እሁድ ጠዋት ሲቀምሱት ምላሳቸውን ቆነጠጣቸው።

ዋናው እንግዳ የልጅ ልጃቸው የጸደንያ እጮኛ አባት፣ አቶ ቱሉ ናቸው። ሰውየው በመጠጥ ትዳራቸው ሊፈርስ ደርሶ፣ ብስራተ ገብርኤል ደጅ ምለው ከተዉ ሁለት ዓመታቸው ነው። ብርዙም የተሰናዳው አያሰክርም ተብሎ ነበር። መድፋት ነበረባቸው። «ለክቡር እንግዳ የሱቅ ለስላሳ አቀረበች ልባል?» አሉና ትንሽ ማር ጨመሩበት። ለማንም ሳይናገሩ።

አቶ ቱሉ ከልጃቸው፣ ከእጮኛዋ ከኢሉ ጋር መጥተው እንደተቀመጡ ጸደንያ ብርዙን ቀዳች።

«እማማ፣ የአደይ አበባ ማር ነው አይደል? ያባቴን ቀፎ አስታወሰኝ እኮ!» አሉ አቶ ቱሉ፣ ብርጭቆውን ሊጨርሱት ምንም ሳይቀራቸው።

«አባዬ ቀስ በል፤ ገንቦውንም እንዳትውጠው» አለ ኢሉ። ሁሉም ሳቁ።

ወይዘሮ አምሳለ ብቻ አልሳቁም። አቶ ቱሉ «ድገሚኝ የኔ ልጅ» ብለው ብርጭቆውን ሲዘረጉ፣ ጸደንያ ማንቆርቆሪያውን አነሳች።

«ተዪ! አትቅጂ!» አሉ ወይዘሮ አምሳለ። «ጠጅ ሆኗል። ጠዋት… ጠዋት ቀምሼ አውቄው ነበር።»

አቶ ቱሉ ብርጭቆውን አስቀምጠው አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

«ካወቁ እንዴት ሰጡኝ፣ እማማ?»

ቢቆጡ በስንት ጣዕሙ!

«ሰው ምን ይለኛል ብዬ…» አሉ ወይዘሮ አምሳለ። ጸደንያ ዓይኗን ከአያቷ ላይ አነሳች።

አቶ ቱሉ ተነሱ። «በልጅቷ ላይ ቂም የለኝም፤ የልጆቹ ነገር እንዳለ ነው። እኔ ግን ገብርኤል ደርሼ ሳልመለስ እህል አልቀምስም።»

እንግዳን እስከ አጥር በር መሸኘት ወግ ነው። ወይዘሮ አምሳለ ግን ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው እንደተቀመጡ ቀሩ። ከውጭ የኢሉ ድምፅ ተሰማቸው፦

«ልያዝህ፣ አባዬ።»

«ተው ልቀቀኝ» አሉ አቶ ቱሉ። «አልሰከርኩም።»