አንካሳ ከፊት ይሄዳል

ሙስሊማ እግሬ ተሰብሮ መንገድ ላይ ጥላኝ ሄደች። ሰባት ዓመት ሙሉ ስናገረው የኖርኩት ይህንን ነው። ዓይናለም ምንጭ ወርጄ ውሃ ስቀዳ እናገራለሁ። ለቅሶ ቤት እናገራለሁ። ሰው እግሬን አይቶ «ምን ሆነሽ ነው?» ካለኝማ እስከ መጨረሻው ሳልነግረው አልለቀውም። ጎረቤቴ በሰማች ቁጥር «ዋይ ኣነ!» እያለች ደረቷን ትመታልኛለች። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ነገሩ የሆነው በ፲፱፻፴፬ ዓ.ም. ነው። ከወልድያ ተነሥተን መቐለ ልንገባ ሰባት ሆነን ወጣን፤ ሁላችንም ሸክማችንን በጀርባ፣ በእግራችን። እኔ ኮረሪማና ሸማ ይዣለሁ። ሙስሊማ ከልጅነቴ አብራኝ ያደገች ናት፣ እሷም ነጋዴ ነበረች። መሪያችን አያ ይማም ናቸው። ያንን መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለሱበት ራሳቸውም አያውቁትም። አንድ ሕግ ነበራቸው፤ እግሩን የታመመ ከፊት ይሄዳል። ሸክሙን ሌሎቹ ይካፈሉታል፣ ሁሉም በእሱ እርምጃ ይሄዳል። «ኋላ ያለ አንካሳ ይረሳል፣ ፊት ያለ አንካሳ አይረሳም» ይላሉ።

ዋጃ ላይ የሺወርቅ የምትባል የሸዋ ሴት እግሯ ውሃ ቋጠረና ፊት ወጣች። እኔ ከኋላ ሆኜ «እመቤቴ፣ ጥላ ይያዝልዎ እንዴ?» አልኳት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ አለቀሰች።

ከኮረም አልፈን ወደ ሐሸንጌ ሐይቅ ስንወርድ ድንጋይ ከዳኝና ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። ቀጭ ሲል ሰምቼዋለሁ። ያየችኝ ሙስሊማ ብቻ ነበረች።

«አያ ይማምን ልጥራ።»

«እንዳትጠሪ!»

«አብደሻል እንዴ? እያየሁት እኮ ነው የሚያብጠው።»

«ትናንት የሺወርቅ ላይ ስቄ ዛሬ እኔ ፊት ልወጣ? ሞቼ ነው!»

«ብትስቅብሽስ ምን አለ? ሳቅ አጥንት አይሰብር።»

መቀነቴን ፈትቼ እግሬን ጠፍሬ አሰርኩት። ከዚያ እጇን ጨብጬ፣ «በአላህ ይዤሻለሁ፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። ከጎኔም አትሁኚ፣ አብረሽኝ ስታዘግሚ ያውቁብኛል። ሂጂ» አልኳት። እየዞረች እያየችኝ ሄደች። በዞረች ቁጥር በእጄ ሂጂ፣ ሂጂ እላታለሁ።

ከቀትር በኋላ ወደቅኩ። መንገደኛው ኮረብታውን ዞሮ ስለነበር ጩኸቴን የሰማ የለም። አንድ ገበሬ አንሥቶ ቤቱ አስገባኝ። በማግስቱ አያ ይማም በቅሎ ይዘው ሲመለሱ ሙስሊማም አብራ መጣች። የተጠራው ወጌሻ እግሬን ይዞ «በዚህ ላይ ባትራመጂበት ኖሮ ይገጥም ነበር» ይለኛል።

አያ ይማም «መታመምሽን ያወቀ ሰው ነበር?» አሉኝ።

«ሙስሊማ ታውቃለች። ጥላኝ ሄደች።»

አልዋሸሁም። ታውቃለች፤ ሄዳለች። ሙስሊማ በሩ ላይ ቆማ አፏን ከፈተች፣ አየችኝ፣ መልሳ ዘጋችው። መሐላው እንደያዛት ገባኝ። መፍታት የእኔ ፈንታ ነበር። አልፈታኋትም። እግሬም ጠማማ ሆኖ ቀረ።

ሁለታችንም መቐለ ተቀመጥን። ከዚያ ወዲህ ሙስሊማን የመንገድ ጓደኛ የሚያደርጋት ጠፋ። ንግዷን ተወች፣ የሰው ልብስ አጣቢ ሆነች። በገበያ ስታየኝ መንገድ ትቀይራለች። እኔ ደግሞ «አየሽ፣ ጥፋቷን ስለምታውቅ ነው» እላለሁ።

ዘንድሮ ባሏ ሞተባት። አገሬ ልግባ ብላ ዕቃዋን ሸጠች። ዝናቡ አላጀ ላይ መንገዱን ንዶት መኪና ቆሟል፣ የሚያልፈው እግረኛ ብቻ ነው። ሽፍታም ስላለ ብቻውን የሚወጣ የለም። አያ ይማም ዘጠኝ መንገደኛ ሰብስበው ነበር። ዘጠኙም «እሷ ካለች እኛ የለንም» አሉ።

ይህንን የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት። «እሰይ! እግዚኣብሔር ፈረደልሽ» አለችኝ። እሷ ስትደሰት ለእኔ የታየኝ በሩ ላይ ተከፍቶ የተዘጋው የሙስሊማ አፍ ነው።

ሐሙስ ጠዋት መንገደኛው ከሚነሣበት፣ ከቊሓ መውጫ ሄድኩ። ሙስሊማ ራቅ ብላ ጓዟ ላይ ተቀምጣለች። አሁንም እየለመነች ነው። መሐል ቆምኩና ሁሉንም ተናገርኩት፤ መቀነቱን፣ መሐላውን፣ ሂጂ ያልኩበትን እጅ።

ጀላሉ የሚሉት ነጋዴ «አዝነሽላት ነው የምትዋሺው» አለኝ።

አያ ይማም ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለካ ለዚህ ነው! ያን ማታ እህል አልቀምስም፣ እንመለስ ብላ ስትነዘንዘኝ አመሸች። ለምን ብላት አትናገርም።»

ወደ ሙስሊማ ዞርኩ። «ከመሐላው ፈትቼሻለሁ።»

«ዛሬ?» አለች። «ሰባት ዓመት የተዘጋ አፍ በአንድ ቃል የሚከፈት መሰለሽ?»

ጀላሉም ገና ያጉረመርማል። ስለዚህ ጓዟን ፈትቼ ግማሹን በጀርባዬ አዘልኩ።

«እስከ ሐሸንጌ፣ እስከ ወደቅኩባት ቦታ አብሬያት እሄዳለሁ። ጥላ የምትሄድ ከሆነች እኔኑ ትጣለኝ።»

አያ ይማም እግሬን አዩት። «ሕጉን ታውቂያለሽ፣ ዙሀራ።»

«ዐውቃለሁ፣ አያ ይማም።»

ሸክሙን ከጀርባዬ ወስደው ለጀላሉ ሰጡት። እሱ አፉን ሞልቶ ሊናገር ሲል «ተሸከም!» አሉት። እኔ ፊት ወጣሁ። ጆሮዬ እሳት ሆነ። ዐሥር እርምጃ ሳልሄድ ከኋላዬ የሙስሊማን ድምፅ ሰማሁ።

«እመቤቴ፣ ጥላ ይያዝልዎ እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዞሬ አላየሁም። እያነከስኩ ሄድኩ፤ እነሱም በእኔ እግር ልክ ተከተሉኝ።