የነገሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው

«አንቺ ዝም ካልሽ ነገሩ እዚሁ ይቀራል» አለ ለቅሶ ሊደርስ የመጣው የሆስፒታሉ ዳይሬክተር፣ ሻዩን ሳይነካ። «ጥፋቱ የአባትሽ ነበር እንላለን። እሳቸውን ከእንግዲህ ማን ይነካቸዋል?»

የመቃብሩ አፈር እንኳ አልደረቀም። ሐዘንተኛዋ በዚያው ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ናት፤ አባቷ ደግሞ ሰመመን ሰጪ ነበር፣ ነርሶቹ «አባባ እንቅልፍ» የሚሉት። ማሽኑ የልብ ምት እየቆጠረለት እንኳ የበሽተኛውን የእጅ አንጓ ሳይዝ አይሠራም ነበር። «ማሽን አይደነግጥማ፤ እኔ ነኝ የምደነግጠው» ይል ነበር።

አንድ ቀን ግን ሁለት ቀዶ ሕክምና ባንዴ እንዲይዝ ታዘዘ። ወዲያኛው ክፍል ሳለ፣ እዚህ የተኛው ወጣት ትንፋሹ ቆመ። የሆስፒታሉ ኢንሹራንስ እንዳይበላሽ ለቤተሰቡ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ተባለ። አባቷ ግን የቀዶ ጥገና ልብሱን ሳያወልቅ ወጥቶ ለወጣቱ እናት፣ «ጥዬው የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ክፍል ያስያዘኝ ሆስፒታሉ ነው» አላቸው። ክሱ ሲመጣ የሆስፒታሉ ጠበቃ «ያለ ፈቃድ ተናግረሃልና ራስህን ቻል» አለው። ለሕክምና ስህተት የሚገባ የራሱ ኢንሹራንስ፣ የራሱ ጠበቃ የለው። ሐኪሟ ልጁ ኢንሹራንሱን ግባ ብላ ስንቴ ለምናዋለች! «ጥፋት ለማጥፋት ከወዲሁ ቀጠሮ ልያዝ?» እያለ ይስቅባት ነበር። ፍርድ ቤት ብቻውን ሲመላለስ ልቡ ከዳውና ሞተ።

«እኔ የራሴን ኢንሹራንስ ገብቻለሁ» አለች ዳይሬክተሩን እያየች። «የእናንተ ጠበቃ የእናንተ ነው። እኔ የምፈልገው እውነት ስናገር የማይሸሸኝን ነው።»

«ኧረ ልጄ» አሉ አጎቷ በሹክሹክታ፣ «በሽተኛው ምን ይላል? ገና ሳትነካኝ ጠበቃ አቆመች አይልም?»

«ይበል፣ አጎቴ። አባዬም እንዲሁ ብሎ ነው ብቻውን የቀረው።»

በሩ ላይ አንዲት ጥቁር የለበሱ ሴት ቆመው ነበር። የወጣቱ እናት ናቸው።

«እንዳታናግሪያቸው» አለ ዳይሬክተሩ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ። «ክሱ አልተዘጋም። ሥራሽን ታጪያለሽ።»

«ልጄን ገደሉብኝ ብዬ ረግሜያቸው ነበር» አሉ ሴትዮዋ። «ግን ከሁላችሁም የነገሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።»

«አባቴ የነገረዎት ሁሉ እውነት ነው» አለች ልጅቱ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ። «ፍርድ ቤትም ቆሜ እናገራለሁ።» ከዚያ ጎኗ ወደተቀመጠው ዳይሬክተር ዞረች። «ዶክተር፣ ይነሱላቸው።»

ተነሣ፤ ምን ያድርግ። ሴትዮዋ በቦታው ተቀመጡ። ልጅቱ የእጃቸውን አንጓ ያዘች፣ ጣቷን ደም ሥራቸው ላይ አሳረፈች፤ ለቀስተኛው ሁሉ እስኪወጣም አልለቀቀችም።