ቅዳሜ ይከፈታል የተባለው መንገድ

አስተርጓሚው የሚሠራው በሆቴሉ ትልቅ አዳራሽ ጥግ፣ ፊቱ መስተዋት በሆነ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ጄኔራሉ በመንግሥት ስም፣ ዶክተሩ በአማፂዎቹ ስም የሚናገሩትን ለአደራዳሪዎቹ ይተረጉማል፤ አደራዳሪዎቹ የሚሉትንም መልሶ ለሁለቱ። ጦርነቱ ያለው እሱ በተወለደበት አገር ነው፤ ድርድሩ ግን በጎረቤት አገር ዋና ከተማ፣ ምንጣፉ ጫማ በሚውጥ ሆቴል ውስጥ። የሆቴሉን ወጪ የምትሸፍነው ባሕር ማዶ ያለች ሀብታም አገር ናት። ለጄኔራሉ አውሮፕላን የምትሸጠውም እሷው መሆኗን የማያውቅ አልነበረም፤ የሚናገር ግን የለም።

ውይይቱን የሚመሩት የአካባቢው አገሮች ማኅበር የላካቸው ጡረተኛ ዳኛ ነበሩ። ሁሉም "ሽማግሌው" ይላቸዋል። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሆኖም ከሁሉ ቀድመው ገብተው ከሁሉ ኋላ ይወጣሉ። በመክፈቻው ቀን ከእሳቸው በቀር ስለ ሁለት ዝሆኖች ጠብና ስለሚረገጠው ሣር ያልተረተ ተናጋሪ አልነበረም። አስተርጓሚው ያንኑ ተረት ሲያመላልስ ዋለና ከሥራ ሲወጣ ለእህቱ ደወለላት።

"እትዬ፣ ዛሬ ስንት ዝሆን ስነዳ እንደዋልኩ ብታዪ!"

"ሣሩስ ምን አለ?"

"ሣሩ አልተጋበዘም።"

ከት ብላ ሳቀች። ሳቋን ከሰማ ሰንብቶ ነበር።

እህቱ ያለችው በተከበበው ከተማ ውስጥ ነው። አዋላጅ ነርስ ናት። እናታቸው የሞተችው እሱ የወተት ጥርሱ ሳይወልቅ ስለሆነ ያሳደገችው፣ ያስተማረችው፣ ሲያጠፋም ጆሮውን የቆነጠጠችው እሷ ነበረች። በልጅነቱ አፉ አያርፍምና "ወሬኛው" ትለዋለች፤ ሽበት አብቅሎም ስሙ አልተለወጠም። የሆስፒታሉ ላይኛ ፎቅ በከባድ መሣሪያ ከተመታ ወዲህ ነፍሰ ጡሮቹን ወደ ምድር ቤቱ፣ ድሮ ልብስ ማጠቢያ ወደነበረው ክፍል አውርዳቸዋለች። ስልክ የሚይዘው ጓሮ፣ ውሃ ታንከሩ ሥር ብቻ ነው። በደወለ ቁጥር "ከዚያ ከተማ ውጪ" ይላታል። መልሷ አንድ ነው።

"ማን ያዋልዳቸው? አንተ፣ በማይክሮፎንህ?"

ከሳምንታት ክርክር በኋላ የመንገዱ ጉዳይ መጣ። ሽማግሌው ከከተማው ወደ ድንበር የሚወስደው መንገድ ለሴቶች፣ ለሕፃናትና ለሕሙማን እንዲከፈት ጠየቁ። "ይከፈታል" እና "ይመቻቻል" በሚሉ ሁለት ቃላት ላይ ብቻ አንድ ሙሉ ቀን አለቀ። በመጨረሻ ጄኔራሉም ዶክተሩም እሺ አሉ። ከቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ መንገዱ ክፍት ይሆናል ተባለ።

"መንገዱ ላይ ያለውን የወንዝ ድልድይ የያዘው ጦር የማን ነው?" ሲሉ ሽማግሌው ጠየቁ።

"የእኛ አይደለም" አለ ጄኔራሉ።

"የእኛም አይደለም" አለ ዶክተሩ። "ግን ከእነሱ ጋር አልተቀያየምንም፤ እናነጋግራቸዋለን።"

ድልድዩን የያዘው "አጎት" የሚሉት አዛዥ ነው። ለማንም አይታዘዝም። ጥይቱና ነዳጁ የሚመጣለት ከሌላ ጎረቤት አገር ነው፤ የዚያች አገር መልእክተኛ ደግሞ ታዛቢ ተብሎ እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጧል። ሽማግሌው ወደ እሱ ዞሩ። ታዛቢው ክራቫቱን አስተካከለና አገሩ ለሰላም ያላትን ጽኑ አቋም ዘረዘረ።

"የጠየቅሁት እሱን አይደለም" አሉ ሽማግሌው።

የባሕር ማዶዋ አገር ልዩ መልእክተኛ ሰዓቷን አየች። ጋዜጠኞቹ ካሜራቸውን ተክለው ውጭ እየጠበቁ ነበር። "ይህ በአፈጻጸም ጊዜ ይታያል" አለች።

አስተርጓሚው ተረጎመው። ይህን ዓረፍተ ነገር ከዚህ በፊትም ብዙ ጊዜ ተርጉሞታል፤ ማንም አያየውም ማለት እንደሆነ ያውቃል። የዚያን ቀን ግን ማመን ፈለገ። ፈርመው ሲጨባበጡ፣ ፎቶ ሲነሡ ከመስተዋቱ ኋላ ሆኖ አየና ማዳመጫውን አውልቆ ወደ ሆቴሉ የመኪና ማቆሚያ ወጣ። ደወለ።

"እትዬ፣ መንገዱ ቅዳሜ ይከፈታል። ሴቶቹን ይዘሻቸው ውጪ። ይዘሻቸው! አሁን ምን ምክንያት አለሽ?"

"ድልድዩስ?"

"ተስማምተዋል።"

"አጎትም?"

"ያነጋግሩታል" አለ።

"ወሬኛው፣ በሬ ካራጁ እንዲውል ነው የምትመክረኝ?"

"እትዬ ሙች፣ ሲፈርሙ አይቻለሁ። ቃሉ በእኔ አፍ ነው ያለፈው።"

"ባንተ አፍ ያለፈ ሁሉ እውነት ነው እንዴ?"

"ስለ እማዬ ብለሽ።"

ረጅም ትንፋሽ ተሰማው። ከዚያ፣ "አንድ አይሱዙ አለ" አለች። "ነጂው ሚስቱ ልትወልድ ደርሳለች። እሱን ልጠይቀው።"

ቅዳሜ ጠዋት ስልኳ አልሠራም። "መንገድ ላይ ናት" አለ ለራሱ። ቁርስ ቤት ሲገባ ጄኔራሉና ዶክተሩ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ስለ አንድ የድሮ የሒሳብ መምህራቸው እያወሩ ይንከተከታሉ። የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። ሎቢው ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን የፊርማውን ሥነ ሥርዓት ደጋግሞ ያሳያል። እኩለ ቀን ላይ አንዲት ጸሐፊ መጥታ በሽማግሌው ጆሮ አንሾካሾከች። ሽማግሌው ብርጭቋቸውን ሲያስቀምጡ ጠረጴዛውን ስተው ውሃው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ድልድዩ ላይ ተተኩሷል።

ያን ቀንም በማግሥቱም ሲደውል ዋለ። ሰኞ ማለዳ እሷው ደወለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስላል።

"አስቆሙን" አለች። "ወረድኩና መንገዱ ተከፍቷል፣ ስምምነት አለ አልኳቸው። 'የማን ስምምነት?' አለኝ አንዱ፤ ልጅ ነው፣ ምናልባት እኔው ያዋለድኩት ይሆናል። ነጂው ፈርቶ መኪናውን ሲያዞር ተኮሱ። አብራን የነበረችው የዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ ወዲያው ነው የሞተችው። የነጂው ሚስት መንገድ ዳር ወለደች። ደሟ አልቆም አለኝ፣ በነጠላዬ ጠቅጥቄ ጠቅጥቄ... እሷም አለፈች። ልጁ አለ። የቀረነው በእግራችን ተመለስን።"

"እትዬ..."

"አንተ መሆንህን ለማንም አልተናገርኩም። ከማን ሰማሽ ሲሉኝ ከሬዲዮ አልኳቸው።"

ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

"አታልቅስ። ደም የሚያቆመው መርፌ አልቆብኛል። እዚያ ካሉት ትልልቅ ሰዎች አንዱን ለምንልኝ" አለችና ስልኩ ተቋረጠ።

አስተርጓሚ በስብሰባ ቦታ የራሱ አፍ የለውም፤ ደንቡ ነው። እሱ ግን ስብሰባው ሳይጀመር ሽማግሌውን ኮሪደር ላይ ጠብቆ ሁሉንም ነገራቸው። ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ሰሙት።

"ያንን ጥያቄ ይዤ መቆም ነበረብኝ" አሉ። ቀጥለውም፣ "መድኃኒቱን ዛሬ አጀንዳ አስይዘዋለሁ። ሐዘኑ እንዳለ ካላስፈቀድኩ ነገ ይረሱታል። ግባ ልጄ፣ ሥራህን ሥራ።"

ስብሰባው በሐዘን መግለጫ ተጀመረ። መግለጫውን ያነበበችው ልዩ መልእክተኛዋ ናት። አስተርጓሚው ቃሏን ከኋላ ከኋላ እየተከተለ፣ ሁሉም ወገኖች ማዘናቸውን፣ ድርጊቱን ማውገዛቸውን፣ ለድርድሩ ያላቸው ቁርጠኝነት የማይናወጥ መሆኑን ተረጎመ። ከመስተዋቱ ማዶ ታዛቢው አገጩን በመዳፉ አስደግፎ ያዳምጣል። በድንበሩ ግራና ቀኝ የሚነገረው ቋንቋ አንድ ስለሆነ እሱም የሚሰማው የአስተርጓሚውን ድምፅ ነው።

"ድርጊቱን የፈጸሙት ማንነታቸው ያልታወቀ ታጣቂዎች ናቸው" አለች መልእክተኛዋ።

"ድርጊቱን የፈጸሙት ማንነታቸውን ሁላችንም የምናውቃቸው ታጣቂዎች ናቸው" አለ አስተርጓሚው። "ጥይታቸውም ነዳጃቸውም የሚመጣው እዚህ ከተቀመጡት ካንዱ አገር ነው።"

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ጄኔራሉ ቀና አለ። ዶክተሩ ማዳመጫውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ፣ የተበላሸ መስሎት። ታዛቢው ብድግ ብሎ፣ "ይህ ከመግለጫው ውስጥ አለ ወይ?" ብሎ ጮኸ። መልእክተኛዋ ምን እንደተባለ አልገባትምና ወረቀቷን ይዛ ግራና ቀኝ ታያለች። ሲነግሯት ፊቷ ቀላ። ታዛቢው አገሩ ተዘልፋለች፣ ይቅርታ እስክትጠየቅ አልመለስም ብሎ ወጣ። ጄኔራሉ ታዛቢ በሌለበት አልቀመጥም አለ። ዶክተሩም ጄኔራሉ ከወጣ ብሎ ተነሣ። ወንበሮቹ ቀሩ።

ሽማግሌው የመስተዋቱን ክፍል በር ከፍተው ገቡ። ሁለተኛው ወንበር ላይ ጉልበታቸውን ይዘው ተቀመጡ። አልተቆጡም።

"እውነት ነው የተናገርከው" አሉት።

"አዎ።"

"እኔ ግን መርፌውን ላነሣ ነበር። ከመግለጫው ቀጥሎ።"

አስተርጓሚው እጁን አፉ ላይ ጫነ። "ይፈቅዱ ነበር?" ሲል ጠየቀ።

"እንጃ። ጄኔራሉ ቁስለኛ ታጣቂ ይታከምበታል ይል ነበር፤ ዶክተሩ በእኛ እጅ ካልገባ ይል ነበር። ሳይፈቅዱ ይቀሩ ይሆናል። እሱን አሁን እኔም አንተም አናውቀውም።"

በማግሥቱ ለታዛቢው አገር የይቅርታ ደብዳቤ ተጻፈ፤ ስሕተቱ የትርጉም ነው ተባለ። አስተርጓሚውን አሰናበቱት። ድርድሩ ከቆመበት ሲቀጥል በሌላ ከተማ፣ በሌላ ሆቴል ሆነ፤ አጀንዳውም እንደ አዲስ ተረቀቀ። መድኃኒት የሚል ነገር አልነበረበትም። ሽማግሌው ጤናቸው ታወከ ተብሎ በሌላ ሰው ተተኩ። የውሃ ታንከሩ ሥር የሚይዘው ስልክም ከዚያ ወዲህ አልያዘም።

እሱ ወደ አገሩ መመለስ አይችልም። ቀድሞ ድርድሩ በነበረበት ከተማ ዳር፣ ስደተኞች በሚመዘገቡበት የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ሥራ አገኘ፤ ከየት መጣሽ፣ ከማን ጋር መጣህ እያለ ይተረጉማል። ከተከበበው ከተማ የሚመጣ ሰው ብርቅ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ግን አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ መጣች፤ ወንዙ ሲጎድል ተሻግራ ነው። መዝጋቢው የት እንደወለደች ጠየቃት።

"ሆስፒታል፣ ምድር ቤት" አለች።

አስተርጓሚው ለመዝጋቢው ተረጎመና የራሱን ጥያቄ ጨመረ። "ማን አዋለደሽ?"

ሴትዮዋ የእህቱን መልክ ነገረችው፤ ከስታለች፣ ጠጉሯን ተላጭታለች።

"ደህና ናት?"

"ትሠራለች።"

"መርፌ አገኘች?"

"የምን መርፌ? በጨርቅ ነው። የዳነው ይድናል።"

መዝጋቢው እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቃል። አስተርጓሚው ግን ወደ ሴትዮዋ ዞረ። "ወንድም አለኝ ምናምን ብላ አታውቅም? ስለ ማን ታወራለች?"

ሴትዮዋ እንደማሰብ አለች። ልታስደስተው የፈለገች ይመስላል።

"ስለ ማንም አታወራም" አለችው። "ግፊ፣ አትግፊ፣ ተንፍሺ። በቃ።"

"ምን አለች?" አለ መዝጋቢው።

"ደህና ወለድኩ ነው የምትለው" አለ አስተርጓሚው። ሴትዮዋ ልጇን አስተካክላ አዘለችና ተነሣች፤ ከኋላዋ ተራ ይጠብቅ የነበረው ስደተኛ መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።