ከመግለጫው ግርጌ ያለው ስም

ጂኦሎጂስቷ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቷታል። ትነሳለች፣ መስኮቱ ጋ ደርሳ ትመለሳለች፣ ወንበሩን ነካ አድርጋ እንደገና ትነሳለች። ኩባንያው ስላገኘው ወርቅ ነገ ለሕዝብ የሚያወጣው መግለጫ የእሷ ፊርማ ከሌለበት አይወጣም፤ ደንቡ ነው።

እረፍት የነሳት ግን ታላቅ ወንድሟ ነው። ጠዋት በታክሲው ወደ ሥራ ሲያደርሳት መሪውን መታ መታ እያደረገ፣ "ድንጋይዬ፣ መግለጫው ይውጣ እንጂ ይቺን አሮጊት ሸጬ የናንተን አክሲዮን እገዛለሁ። ገዢም ተገኝቶላታል። በቃ፣ ተገላገልኩ!" አላት። በልጅነቷ ድንጋይ ከመልቀም አልላቀቅ ስላለች እስከ ዛሬ "ድንጋይዬ" ይላታል። ልጆቹን የሚያሳድገው በዚያች ታክሲ ነው። መግለጫው ሳይወጣ ደግሞ ለገዛ ወንድም እንኳ ትንፍሽ ማለት ክልክል ነው፤ "ተው" ማለት ራሱ ምስጢር ማውጣት ነው። ከንፈሯን ነክሳ ወረደች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወርቁ ግማሹ ተቀራርበው በተቆፈሩ ጉድጓዶች የታየ ነው። ሌላው ግማሽ፣ በተራራቁ ሁለት ጉድጓዶች መካከል "መቼም ይቀጥላል" ተብሎ የተገመተ ነው። ደንቡ ለየብቻ ጻፉ ይላል፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ደምሮ ከላይ በትልቁ አስጽፎታል።

"ልዩነቱ እኮ ከታች ተጽፏል፣" አላት።

"ዓይን በማያየው ፊደል! ማን ያነበዋል?"

"አንቺ ደግሞ ነገር ማክረር ትወጃለሽ።"

"እንግዲያው ሌላ ፈራሚ ይፈልጉ።"

ሌላ ፈራሚ እስከ ነገ ከየት ይመጣል? ሰውየው እያጉረመረመ ድምሩን አሰረዘ። የታየው ለብቻው፣ ግምቱም ለብቻው ሆነ። ፈረመች። ወንድሟ ቁጥሩ ማነሱን ሲያይ ይተወዋል ብላ ደስ አላት።

በማግስቱ መግለጫው ወጣ። ወሬ ሰቅሎት የነበረው የአክሲዮን ዋጋ ተንኮታኮተ፤ ቢሮ ውስጥ ሰላም የሚላት ጠፋ። እሷ ግን ስልኳን በእጇ ይዛ ትንጎራደዳለች። ከሰዓት በኋላ ወንድሟ ደወለ።

"ድንጋይዬ! ዋጋው ወርዶልኝ እርፍ! ታክሲዋን አስረክቤ ገዛሁ!"

"መግለጫውን አላነበብከውም እንዴ? ግማሹ እኮ ግምት ነው!"

"እኔ ቁጥር ምን አውቄ! ዝም ብዬ ወደ ታች ወርጄ ስምሽን አየሁ። አንቺ የፈረምሽበት ከሆነ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?" ሳቀ። "ማታ እንግዲህ በአውቶቡስ ነይ።"

ጂኦሎጂስቷ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድም መነሳት አቃታት።