ፊጋሮ ከመሄዷ በፊት

እና ደግሞ ሙዚቃው አያልቅም፣ ፒያኖ ነው፣ ያው ፒያኖ እየተደጋገመ፣ በየመሃሉ አንዲት ሴትዮ ስልክዎ ለእኛ ዋጋ አለው ትላለች፣ ዋጋ ካለው ለምን አታነሱትም፣ አይ፣ አታንሱት፣ እባካችሁ አታንሱት፣ ማህደር ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ታያለች፣ አራት ደቂቃ ሆኗታል። መኪናዋን ጭነው የሚወስዱት ሰዎች አምስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። አሁን አራት ተኩል ነው።

ምን ብላ ትጀምራለች? ሄሎ፣ የሚስተር ሳህሉ ልጅ ነኝ፣ አባቴ መኪናዬን ውሰዱ ያላችሁ የምሩን አይደለም። አይሆንም። ውሸታም ያስመስለዋል። ሄሎ፣ አንድ አነስተኛ አለመግባባት ተፈጥሯል። ይሄ ይሻላል፣ የቢሮ ሰው ይመስላል፣ ግን አስራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ እስከዛሬ ፒዛ እንኳ በስልክ አዝዛ አታውቅም። እማዬ ናት እዚህ ውስጥ የከተተቻት፣ ደውዪና ካንስል አድርጊው፣ እንግሊዝኛው ላንቺ ነው የሚቀለው፣ እሱ እንደሆነ በይሉኝታ ይሞታል እንጂ አፉን አይከፍትም፣ ብላ የቻሪቲውን፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቱን፣ ደብዳቤ እጇ ላይ አስጨበጠቻት።

አባዬ እዚያ ታች ነው። ከአንደኛው ፎቅ በረንዳ ሆና አናቱን ታያለች፣ የለንደን ዋይት ሲቲ ፀሐይ ከስንት አንዴ ወጥታለት፣ እጅጌውን ጠቅልሎ መኪናውን፣ ፊጋሮን፣ ያጥባል። ሳምንቱን ሙሉ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶብስ ሲነዳ የሚሰነብት ሰው ከሥራ ውጭ እዚህች ቅል የምታህል መኪና ውስጥ ጉልበቱን አጥፎ ይገባል። ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ጣሪያዋ ነጭ፣ ጃፓኖች ትንሽ ሠርተው የተዉዋት፣ በመርከብ ስትመጣ ራሱ ወደብ ድረስ ሄዶ የተቀበላት። ሬዲዮዋ የጃፓን ስለሆነ የለንደን ጣቢያ ሁለት ብቻ ነው የምትይዘው፣ እሱ ደግሞ ሁለቱንም ይወዳቸዋል። ሰብሳቢዎች መንገድ ላይ አስቁመው ሽጥልን ሲሉት ይስቃል። አንዴም ዋጋ ጠይቆ አያውቅም።

ታዲያ ምን ነካው።

ነገሩ የተበላሸው ድፎ ዳቦ የወሰዱ ቀን ነው። ከሆስፒታሉ ማዶ የታመሙ ልጆች ወላጆች በነፃ የሚያድሩበት ቤት አለ፣ ቻሪቲው የሚያስተዳድረው፣ እሷ የዛሬ ሁለት ዓመት ማጅራት ገትር ይዟት ስትተኛ አባዬና እማዬ ሰባት ሳምንት እዚያ ኖረዋል። ከዚያ ጊዜ ማህደር የምታስታውሰው ጣሪያውን ነው፣ አንዱ ካሬ የተሰነጠቀ፣ እና የአባዬን ድምፅ፣ ምን እንደሚል ሳይሆን ድምፁን ብቻ። ከዳነች ወዲህ በየዓመቱ ዳቦ ይዘው ይሄዳሉ። ዘንድሮ የቤቱ ኃላፊ ጆይስ እስከ ውጭ ወጥታ ተቀበለቻቸው፣ ፊጋሮን አየች፣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ ኦ ሚስተር ሳህሉ፣ እንዴት ታምራለች!

ይውሰዷት፣ አለ አባዬ። የእርስዎ ናት።

ማህደር ከኋላ ወንበር ዳቦውን እንደታቀፈች አልደነገጠችም፣ ምክንያቱም ይሄ የታወቀ ነገር ነው፣ የአባዬን ኮት ያምራል ካልከው እንካ ውሰደው ይልሃል፣ አንተም ኧረ በአንተ ነው የሚያምረው ትላለህ፣ አለቀ፣ ኮቱም ትከሻው ላይ ይቀራል፣ ሁለታችሁም ጨዋ ናችሁ። ጆይስን ግን የአንተን ድርሻ ማን ያስተምራታል? ጆይስ አለቀሰች። በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ፣ በሰብሳቢዎች ጨረታ እናቀርባታለን፣ ሁለት መኝታ ክፍል እናድስበታለን፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ። ፈረመ። እማዬ ወር ሙሉ አኮረፈች።

ፒያኖው። ስልክዎ ለእኛ።

አንተ ሳህሉ፣ ሙሽራ ነው እንዴ የምታጥበው? ዐብዱ ነው፣ የታችኛው ቤት ጎረቤት፣ ከአባዬ ጋር ሲጎሻሸሙ ሃያ ዓመታቸው። አዎ፣ ልድራት ነው። ጥሎሽ አመጡ? ምን ጥሎሽ፣ ዳቦ እንኳ ተሸክሜ የሄድኩት እኔ ነኝ። ይሳሳቃሉ። ቆይ ግን የምርህን ነው? አንዲት ፈረንጅ ታምራለች ስላለችህ? ነገ ጌጤነሽ ታምራለች ቢሉህስ? እሷን እንኳ ራሷን ይጠይቋት። ሰምቻለሁ! ትላለች እማዬ ከወጥ ቤቱ መስኮት። ዐብዱ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ይልቅ ደውልና ይቅርታ ብለህ ተዋቸው፣ ይሉኝታ ቤት ያፈርሳል።

አባዬ ማጠቡን ያቆማል።

ይሉኝታ አይደለም ዐብዱ። ተስዬ ነው።

ማህደር ከበረንዳው መከለያ ኋላ ቁጢጥ ትላለች፣ ለምን እንደሆነ አታውቅም፣ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ። ሆስፒታል በተኛች አምስተኛው ቀን ላይ፣ ይላል አባዬ እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሐኪሟ ለሁሉም ነገር ተዘጋጁ ያለችን ዕለት፣ እዚችው መኪና ውስጥ ተቀምጬ፣ በእግሯ ትውጣልኝ እንጂ ይቺንም እሰጣለሁ አልኩ። ሌላ የምሰጠው ምን ነበረኝ። ለቤተ ክርስቲያን ላስገባት ብዬ የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው፣ ያን ጊዜ ማን አሳደረህ? አሉኝ። በቃ። ከዚያ ሁለት ዓመት ዛሬ ነገ እያልኩ፣ አላስችል ብሎኝ፣ እንደ ሌባ ስነዳት ከረምኩ። ሴትዮዋ ታምራለች ስትል ነው አፌ የተከፈተው። ለጌጤነሽ አልነገርካትም? ስለት ሳይደርስ ይወራል እንዴ። ለልጅቷስ? ለልጅቷማ ምን ብዬ፣ ዕዳ እንዲመስላት?

የዐብዱም እናት እሱን ያገኘችው ተስላ ነው፣ ሙስሊም ሆና ቁልቢ ገብርኤል ድረስ በእግሯ ሄዳ፣ እማዬን ስንቴ አጫውቷታል። ስለት ከሆነማ፣ ይላል በመጨረሻ፣ እኔ ምን አገባኝ፣ በል ያንን ጨርቅ አቀብለኝ፣ ጎማው አልጠራም።

አምስተኛው ቀን። እሷ ጣሪያ ስታይ እሱ ታች መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ ብቻውን፣ ጉልበቱ መሪው ስር ታጥፎ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህች መኪና ትምህርት ቤት አድርሷት፣ ቀበቶሽን እሰሪ ብቻ ብሏት። ዕዳ አይደለም አባዬ፣ ዕዳ አልመሰለኝም፣ ግን ምን እንደሚባል አላውቅም፣ ውሃ ሲያቀብሉሽ አመሰግናለሁ ይባላል፣ ለዚህስ? ለዚህ የሚባል ቃል ካለ እሷ የምታውቀው አማርኛ ውስጥ የለም፣ እንግሊዝኛው ውስጥም የለም፣ ዓይኗ ይሞቃል፣ ደስ ይላታል፣ በጣም ደስ ይላታል፣ በሕይወት አለች፣ የመከለያው ብረት ይቀዘቅዛል፣ ሳሙናው ይሸታል፣

ሄሎ? ሄሎ?

ፒያኖው የለም። ጆይስ ናት። እማዬ ከመስኮቱ በእጇ፣ በይ ንገሪያት፣ በይ። ማህደር ቁጢጥ ካለችበት ትነሳለች፣ አባዬ ቀና ሲል ያያታል፣ ስልኩን፣ ደብዳቤውን፣ ፊቷን። ጨርቁ ከእጁ ውሃ ያንጠባጥባል።

ማህደር ነኝ። ማህደር? የእኛ ማህደር? እንዴት ነሽ የኔ ቆንጆ? ደህና ነኝ፣ ትላለች፣ በጣም ደህና ነኝ። ችግር አለ እንዴ? ሰዎቹ መንገድ ላይ ናቸው። ችግር የለም፣ መኪናዋን ለሚወስዳት ሰው አንዳንድ ነገር ልነግርዎ ነው፣ መጻፊያ አለዎት? እማዬ ራሷን ትይዛለች። ማህደር ወደ መከለያው ትጠጋለች፣ ጮክ ትላለች፣ በሕይወቷ እንዲህ ጮክ ብላ ተናግራ አታውቅም፣ ታች ያሉት ሁለቱም መወልወላቸውን ትተዋል፣ አባዬ እያንዳንዷን ቃል እንዲሰማ ነው፣ እሺ ይጻፉ፣ አንደኛ፣ ጠዋት ጠዋት አይቸኩልባት።