በጋሽ ወልዱ ለቅሶ የዘፈነው ሬዲዮ

እና ደግሞ ሳቀ፣ እሱ ነው የማይዋጥለት፣ ሬዲዮው መዝፈኑስ ይሁን፣ ሬዲዮ ምን ያውቃል፣ ማን ሞተ ማን ተረፈ ብሎ አይጠይቅ፣ ግን እሱ ዓምሃ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ጺም ሊያበቅል የደረሰ ጎረምሳ፣ ሰው በተቀበረ በማግሥቱ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ከእድሩ ዳኛ ከአቶ ነገራ ጎን ተቀምጦ ጥርሱን አሳየ። ሁሉም አይቷል። አይ፣ ሁሉም አላየም፣ ፊቱን ቶሎ አዙሯል። አቶ ነገራ ግን አይተዋል፣ እትዬ የዓለምወርቅም አይተው ይሆናል፣ የሟቹ ሚስት፣ ከሁሉም ከሁሉም እሳቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ምን ነበረበት፣ ጉለሌ መሬቱ ጠንካራ ነው፣ አይከፈትም።

አሁን ድስት ይዞ ከአጥሩ ጥግ ቆሟል፣ በዚህ በኩል የእናቱ ግቢ፣ በዚያ በኩል የለቅሶው። ዛሬ ሠልስት ነው። ውሰድና ስጥ አለችው እናቱ፣ ጎንበስ በል፣ እግዜር ያጽናዎት በል፣ ሌላ ነገር እንዳትዘባርቅ፣ ሬዲዮ የሚል ቃል ከአፍህ ቢወጣ ውርድ ከራሴ። እሺ ብሏል። እሺ ካለ ስንት ጊዜ ሆነው፣ ድስቱ ይፋጃል፣ በጨርቁ አልፎ ጣቱን ይለበልበዋል፣ ይለብልበው፣ ይገባዋል።

ስምንት ወር ነው የለፋበት። ጣሊያን ጥሎት የሄደውን አሮጌ ሬዲዮ ሆድ ዕቃ ከምናለሽ ተራ ለቅሞ፣ ከመጽሐፍ ሥዕል ገልብጦ፣ ጣቱን አቃጥሎ፣ የፊዚክስ አስተማሪው፣ ሬዲዮው ከተናገረልህ ዓርብ ዕለት ይዘኸው ና፣ ለክፍሉ ሁሉ ታሳያለህ ብለውታል። ሣጥኑን የሠሩለት ጋሽ ወልዱ ናቸው፣ ሽሮ ሜዳ ለሸማኔዎች ዕቃ የሚጠርቡ አናጢ፣ ከዋንዛ እንጨት ጠርበው፣ አለስልሰው፣ በነፃ። ድምፅ የሚስበውን የአንቴና ሽቦም ከራሳቸው ባሕር ዛፍ ላይ ወጥተው አሰሩለት፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ይኼ ሽቦ ምን ሊያሰማን ነው? ካይሮን ጋሼ፣ ለንደንን። ለንደንን ተወው፣ የሰባራ ባቡርን ወሬ ያሰማኝ፣ ብለው ሳቁ። ሬዲዮው ግን አልተናገረም። እንደሚቆላ ሽምብራ ይንጣጣል እንጂ አይናገርም። በየምሽቱ ከሥራ ሲገቡ በአጥሩ ላይ ብቅ ይላሉ፣ ተናገረ? ገና ነው ጋሼ። ግዴለም፣ ሰውም አፉን የሚፈታው ቀስ ብሎ ነው። አይደክማቸውም ነበር መጠየቅ። ሰኞ ማታም ጠይቀዋል።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ የእድሩ ጡሩንባ ተነፋ።

ሰፈሩ ጸጥ አለ። ሰው ሲሞት ሬዲዮ አይከፈትም፣ ይኼን ሕፃን ያውቀዋል፣ ማዶ ያለው የጠጅ ቤት ሬዲዮ እንኳ ጨርቅ ለብሶ ሰነበተ። የእድሩ ሰዎች ድንኳን ሊተክሉ መጡ፣ የዓምሃ ሽቦ መንገድ ዘጋባቸው፣ አንዱ ዛፉ ላይ ወጣና ፈትቶ ከላይኛው ቅርንጫፍ ጋር አሰረው፣ እንዳያንቃቸው። ዓምሃ ከሥር ቆሞ ያያል፣ ጋሽ ወልዱ እቤት ውስጥ ተገንዘዋል፣ ሴቶቹ ይጮኻሉ፣ እና እሱ ምን አሰበ፣ ከፍ አለ፣ አሁን ጣቢያ ሳይዝ አይቀርም፣ አሰበ። ከእንባው በፊት ያ መጣ። ምን ዓይነት ልብ ነው? ለውሻ እንኳ የማይሆን ልብ።

ትናንት ቀትር ላይ ከድንኳኑ ሹልክ ብሎ ሬዲዮው ወዳለበት ቤታቸው ገባ። አሁን ብቻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ፣ ጆሮዬን አስጠግቼ። መብራት የለም። ሰካ፣ ነቀለ፣ መልሶ ሰካ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እስከ መጨረሻው አዞረ፣ ምንም። መብራት ጠፍቷል፣ በቃ፣ ትቶት ወጣ፣ ሳይነቅል። ለምን አልነቀለም? የሌለ መብራት ምን ያደርጋል ብሎ ነዋ፣ ይኼ ነው የፊዚክስ ተማሪው፣ ይኼ ነው ሊቁ።

ተመልሶ ከአቶ ነገራ ጎን ተቀመጠ። አልቃሿ፣ አንተ የቤቱ ምሰሶ፣ አንተ የደጁ ጥላ፣ እያለች ታወርዳለች፣ እትዬ የዓለምወርቅ ደረታቸውን ይመታሉ፣ መብራት መጣ። ማንም አላወቀም። የሬዲዮው አምፖሎች እስኪግሉ ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል፣ ከዚያ ከአጥሩ ማዶ ሳክስፎን፣ ከበሮ፣ ትከሻ የሚያስነቀንቅ ዘፈን፣ ጥርት ብሎ፣ እንደዚያ ጥርት ያለ ድምፅ በሰፈሩ ተሰምቶ አያውቅም፣ አልቃሿ አፏን እንደከፈተች ቀረች። እና ሳቀ። ሠራ! ልቡ ውስጥ የተባለው ይኼ ነው፣ ሠራ! ከዚያ ሮጠ።

ይኼን ሁሉም ያውቃል። የሚቀጥለውን ግን ማንም አያውቅም።

ቤት ገባ፣ እጁ ገመዱን ያዘ፣ አንድ ጊዜ መንቀል ነው፣ ሕፃንም ይነቅለዋል። አልነቀለም። ቆሞ ሰማ። እናቱ ከደጅ ኧረ አጥፋው፣ ኧረ በጊዮርጊስ ትላለች፣ እሱ ገመዱን እንደጨበጠ ዘፋኙ ሁለተኛውን ግጥም ጀመረ፣ ሦስተኛውን ጀመረ፣ አንዲት ቃል ሳትቆራረጥ፣ እና አወቀ፣ እዚያው ቆሞ አወቀ፣ ሽቦው ከፍ ስላለ ነው፣ ሽቦው ከፍ ያለው ድንኳን ስለተተከለ ነው፣ ጋሽ ወልዱ ባይሞቱ ይኼ ሬዲዮ አይናገርም ነበር። ይኼን አውቆም ደስ ብሎታል። ዘፈኑ ሲያልቅ ነቀለ።

እናቱ ድንኳን ገብታ ለቀስተኛው እግር ላይ ወደቀች፣ ልጄ የሬዲዮው መዝጊያ ጠፍቶበት ነው፣ ይቅር በሉት። አመኗት። አቶ ነገራ ራሳቸው፣ መኪና ነገር ክፉ ነው አሉ፣ ሸጎሌ አንድ ወፍጮ ነበረን፣ አልቆምም ብሎ ስንት ቁና ጤፍ አመድ አደረገብን፣ ልጁ ምን ያድርግ። ልጁ ምን ያድርግ! ይቅርታው ለሌላ ልጅ ነው፣ መዝጊያው ለጠፋበት፣ ለደነገጠ ልጅ፣ ዓምሃ ያንን ልጅ አያውቀውም። ቢሰድቡት ይሻል ነበር።

ይገባል። ድንኳኑ ጭር ብሏል፣ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰም፣ እትዬ የዓለምወርቅ እጓዳው በር ላይ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጠጉራቸውን ተላጭተው ትንሽ ሆነዋል። ጎንበስ ይላል። እግዜር ያጽናዎት እትዬ። አሜን፣ አንተ ነህ? መዝጊያው ጠፍቶህ ነው አሉኝ፣ ምነው፣ ደነገጥክ?

አዎ ማለት ነው፣ አዎ ብሎ ድስቱን አስቀምጦ መውጣት፣ እናቱ ያለችው ይኼንኑ ነው፣ አዎ።

አልጠፋብኝም እትዬ፣ ይላል አፉ፣ እያወቅሁ ነው፣ ቆሜ ስሰማ ነበር፣ እስኪያልቅ። ደስ ብሎኝ ነበር።

አይጮኹም። ደጁን ያያሉ፣ ማንም እንደሌለ ያያሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ና ጠጋ በል፣ እኔም እስኪያልቅ ሰምቼዋለሁ። ሴቶቹ ራሷን ሳተች ብለው ውሃ ይረጩብኛል፣ እኔ እኮ ዝም ያልኩት እንዳያመልጠኝ ነው። ወልዱን አፈር አልብሼ ዘፈን ሰማሁ። ለማንም እንዳትናገር።

ዓምሃ ፊታቸውን ማየት ያፍራል፣ እሳቸውም የሱን፣ ሁለቱም ምንጣፉን ያያሉ፣ የግቢው በር ይንኳኳል፣ ጎረቤታቸው እትዬ ታየች ሴቶቹን አስከትለው ይገባሉ፣ እሱን ሲያዩ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፣ አይዞህ የኔ ልጅ፣ መዝጊያው ጠፍቶህ ነው አይደል?

አዎ፣ ጠፍቶበት ነው፣ ይላሉ እትዬ የዓለምወርቅ፣ ከሱ ቀድመው፣ ጮክ ብለው፣ ነጠላቸውንም ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ማልቀስ ይጀምራሉ፣ እሱም ድስቱን እንደያዘ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ አዎ ይላል።