የሰባተኛው ብልቃጥ ዱቄት

አባቴና እናቴ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት የተነጋገሩት በእኔ አፍ ነው። እሱ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሐኪሞቹ «እግሩ ካልተቆረጠ አይተርፍም» ሲሏት እናቴ ፈረመች። ተረፈ። ሲነቃ ግን እግሩን ፈልጎ አጣው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ለእሷ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው «እናትሽን ራዲዮኑን ቀንሺ በያት» ይለኛል። «አባትሽን ራዲዮኑ ተቀንሷል፣ የጨመረው ያንተ ጠባይ ነው በዪው» ትለኛለች። እኔ ወዲያና ወዲህ አንገቴን ሳዞር እውላለሁ።

የምሠራበት ቤተ ሙከራ ጽሑፍን በዱቄት ያስቀምጣል። ቀልድ አይደለም። ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ፊደል ሁሉ ዞሮ ዞሮ የዜሮና የአንድ ሰልፍ ነው፤ እኛ ሁለት ዓይነት ሞለኪውል በዚያው ተራ እንደ ዶቃ እየሰካካን ፖሊመር የሚባል ረጅም ሰንሰለት እንሠራለን። ሲደርቅ ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ መብራት ቢጠፋም ግድ የለው። ለማንበብ ማሽኑ ቅንጣት ታህል ወስዶ ሰንሰለቱን ይሰባብርና ስብርባሪውን እየመዘነ ተራውን ያውቃል። የተነበበችው ቅንጣት ግን ተመልሳ አትገኝም።

አንድ ቀን አባቴ በክራንቹ እየተንገዳገደ ቤተ ሙከራው መጣና «ለእናትሽ የምለው አለኝ፤ አፌ እምቢ ብሎኛል» አለኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እንድቆም አድርጎ ኮምፒውተሩ ላይ በአንድ ጣቱ እየለቀመ ጻፈ። ዱቄቱ እንደተሠራ ፋይሉን ዓይኑ እያየ አስጠፋኝ።

«እኔ ስሞት ታነቢላታለሽ። ያኔ መልስ አትሰጠኝም» ብሎ ሳቀ።

ብልቃጡ ላይ ሰባት ቁጥር ለጠፍኩበት።

ጥፋቱ ከዚህ በኋላ ነው፤ የማንም ሳይሆን የእኔ። ማሽናችን በየጠዋቱ ሥራ ሳይጀመር ይፈተሻል፤ ለፍተሻው አንድ የታመነ ናሙና ያስፈልጋል። አለቃችን «የትኛው ይሁን?» ሲል እኔ ቀድሜ «የአባቴ» አልኩ። ከሁሉም ጥርት ብሎ የሚነበበው የእሱ ነበርና ኮራሁበት። ፍተሻው ፊደሉን አያሳይም፣ አያስቀምጥምም፤ አንብቦ አረንጓዴ መብራት ያበራል፣ እኔ መዝገቡ ላይ «ይነበባል» ብዬ እፈርማለሁ። ብልቃጡ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ስለሚቀመጥ ማንም አያየውም። በየቀኑ የሚወሰደውም ኢምንት ስለሆነ ያልቃል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የእኛም ዱቄት ሄደ።

አባቴ በሞተ በሦስተኛው ወር፣ ሰኞ ጠዋት፣ እናቴ ፀጉሯን አስተካክላ፣ መነጽሯን ጠርጋ ቤተ ሙከራው መጣች፤ ስለ ብልቃጡ ነግሬያት ነበር።

«ይቅር ብሎኝ እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ። ሌላውን ተዪው» አለች።

ብልቃጡን አውጥቼ ወደ መስኮቱ አነሳሁት። ባዶ ነበር። ከአንድ ሰዓት በፊት ፈትሼው አረንጓዴ በርቶልኝ ነበር፤ ያ ፍተሻ የወሰደው የመጨረሻዋን ቅንጣት ነበር። ምናልባት ዳሩ ላይ የተጣበቀ ካለ ብዬ ብልቃጡን በፈሳሽ አጥቤ እጣቢውን ለማሽኑ ሰጠሁት። ስክሪኑ «ናሙና የለም» አለ። ደገምኩት። ያንኑ አለ።

እናቴ መዝገቡን ገልጣ በጣቷ እየተከተለች ታነብ ነበር።

«ይሄ ያንቺ ፊርማ አይደለም?»

«የእኔ ነው።»

«‹ይነበባል› ይላል። በየቀኑ።»

«በየቀኑ ይነበብ ነበር፣ እማዬ።»

«ታዲያ ምን ይላል?»

«አላየንም። መነበቡን ብቻ ነው ያየነው።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ይቅር ብዬሻለሁ ይላል» ብዬ ልዋሽላትም ቃጣኝ፤ ግን ስክሪኑ ፊቷ ነው። የአባቴን ቃል በአራት መቶ ጠዋት ጨርሼ አንዷን እንኳ ሳልሰማ ቀርቻለሁ፤ ምንም የማደርገው የለም።

እናቴ ብልቃጡን ከእጄ ወስዳ በብርሃኑ አየችው፤ ክዳኑን ገጥማ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ልክ እንደ ድሮው ወደ እኔ ዞር ብላ፣

«አባትሽን ሰምታለች በዪው» አለችኝ።

እንደለመድኩት አንገቴን አዞርኩ። በዚያ በኩል ያለው ማሽኑ ብቻ ነበር።